አያ ምንይችል በተጣለው ሙዚቃ ላይ የሰጡት ፍርድ

ጎንደር ውስጥ አስተያየት የማይሰጥ ቢፈለግ ምናልባት ከፋሲል ግንቦች አንዱ ይገኝ ይሆናል እንጂ በእግሩ የሚሄድ አይገኝም። ቢሆንም አስተያየት መስጠትና ሊቀ አስተያየት መሆን ለየቅል ናቸው። ሊቀ አስተያየት ሳይጠየቅ ይፈርዳል፤ ከፈረደ በኋላ ይግባኝ አይቀበልም። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ የሚጠግኑት አያ ምንይችል ለዚህ ማዕረግ ማንም አልቀባቸውም፤ በሥራቸው ያገኙት ነው።

«ሸጋ ነው፤ ግና…» ይላሉ። ከዚያች «ግና» በኋላ የሚመጣውን የሚያውቅ ሰው ቁጭ የሚልበት ድንጋይ ይፈልጋል። አምባ ጊዮርጊስ ሰርግ ተጠርተው ሙሽራውን «ሸጋ ነው፤ ግና ጫማው ከሱ ቀድሞ ያገባ ይመስላል» ብለዋል። ማክሰኝት ለቅሶ ሄደው፣ የሟች ልጆች ገና ደረታቸውን እየደቁ ሳለ፣ አልቃሿን ጠጋ ብለው «ሙሾሽ ሸጋ ነው፤ ግና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቸኮልሽ፤ ሰውየው እንደሁ የትም አይሄድ» አሏት። ሴትዮዋ በንዴት ሦስተኛውን ደገመችው፤ አሁን ግን አዘገመችው። ያን ጊዜ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም ይባላል።

ሐመልማል ግን እንዲህ ያለ ሰው የምትችልበት ትከሻ አልነበራትም። ሙዚቃ አቀናባሪ ናት። ኃይለ ጊዮርጊስ የተባለ የከተማዋ ፊልም ሠሪ፣ ጣና ደርቆ የደምቢያ ሰው በመንኮራኩር ወደ ሌላ ኮከብ ሲሰደድ የሚያሳይ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ሲጀምር ሙዚቃውን ለእሷ ሰጣት። ሰባት ወር ሠራች። በማሲንቆና በኪቦርድ አሥራ አንድ ዜማ አወጣች። አራተኛዋን፣ ሰዎቹ በመስኮት የደረቀውን ሐይቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሚያዩባትን፣ የሠራቻት ኮላ ድባ የቀበረችውን አባቷን እያሰበች ነበር።

ኃይለ ጊዮርጊስ ጥቂት አዳመጠና «ወደ ኮከብ ለሚሄድ ሰው ማሲንቆ ምን ያደርግለታል?» አለ። ከኢንተርኔት ሌላ ሙዚቃ ገዝቶ ለጠፈበት። ፊልሙ የተመረቀ ዕለት ሐመልማል መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ እስኪያልቅ አየችው። ስሟ የትም አልተጻፈም።

ከተማው ግን አስተያየቱን አልነፈጋትም። ጎረቤቷ ነጃት «የኔ እህት፣ ያንቺው ሳይሻል አይቀርም» አለቻት፤ አንዱንም ሰምታ አታውቅም። የፊዚክስ መምህሩ እንዳልካቸው ሕዋ ውስጥ ድምፅ ስለማይተላለፍ ሁለቱም ሙዚቃዎች ስሕተት መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዳት። ሁሉም አዘነላት፤ የሰማ ግን አልነበረም። ይህ ከመጣሉ በላይ አንገበገባት። አንድ ጭጋጋማ የሰኔ ቀን አሥራ አንዱንም ከኮምፒውተሯ አጠፋችና ሁለተኛ ሙዚቃ ላትነካ ማለች።

አንድ ቅጂ ቀርቶ ነበር። ድምፅ ማጉያዋን ለጥገና ስትሰጥ፣ መሞከሪያ ይሁን ብላ ለአያ ምንይችል የተወችው ፍላሽ ነው። እሱንም ልታመጣ ሄደች።

«አያ፣ ፍላሼን ይስጡኝ። ሰብሬው ልገላገል።»

አያ ምንይችል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ሥራሽ ሸጋ ነው፤ ግና ሁለተኛዋ ላይ ማሲንቆው በርዶት ነው የሚጮኸው። ገና ሰምቼ አልጨረስሁም፤ ሰኞ ነይ።»

ሰኞ ሄደች።

«ስድስተኛዋ ሸጋ ናት፤ ግና ሰዎቹ ያሉት መንኮራኩር ላይ ነው ወይስ ማክሰኝት ገበያ? ምነው እንዲህ ተንጫጩ? ሐሙስ ነይ።»

ሐሙስ አራተኛዋን አነሡ። ያን ቀን ድምፃቸው ቀዝቀዝ ያለ ነበር።

«ሰዎቹ ሐዘን ላይ ናቸው። አገር እየቀበሩ ነው። ምነው ታዲያ ከበሮ አስመታሽባቸው? በሁዳዴ ከበሮ ተመቶ ያውቃል?»

አያ ምንይችል በልጅነታቸው ሁለት ዓመት አቋቋም ተምረዋል። የጎንደር ሰው ግን በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ቀርተው በመቋሚያ ብቻ እንደሚዘመም ሳይማርም ያውቀዋል። ሐመልማልም ታውቃለች። ከበሮውን በኪቦርዱ ያስገባችው ኃይለ ጊዮርጊስ ገና ሥራው ሲጀመር «ትንሽ ይሙቅ» ስላላት ነበር። እየተቃጠለች ወጣች። ሽማግሌው ልክ ነበሩ፤ ልክ መሆናቸው ደግሞ የባሰ አስጠላት። ለተጣለ ሙዚቃ እርማት ምን ይሠራል?

በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ዛሬስ ሳልይዘው አልመለስም ብላ ሄደች። አያ ምንይችል ሽቦ ሊገዙ ወጥተዋል። ሱቁ ውስጥ ባለቤታቸው እትዬ የትነበርሽ ጥጥ ይፈትላሉ።

«ፍላሼን ልወስድ ነበር።»

«ከየት ይመጣል ልጄ? ማተቡ ላይ ከቁልፉ ጋር አስሮት ነው የሚውል። ሲተኛም አይፈታው።» እንዝርቱን አቆሙ። «ያችን አራተኛዋን በሰማ ቁጥር እንባው ዱብ ዱብ ነው። ‹አስተያየቴን የጨረስሁ ዕለት ትሰብረዋለች› እያለ ስሕተት ሲፈልግ ይውላል። እንግዲህ አለቀበት። ትናንት ‹የትነበርሽ፣ እስኪ አንቺም ስሚው፤ አንዲት እንከን ፈልጊልኝ› አለኝ። እኔ ምን አውቅና!»

ሐመልማል ሰባት ወር ሙሉ የፈለገችው አንድ ሰው እንዲህ እንዲሰማት ነበር።

አያ ምንይችል ጥቅል ሽቦ ይዘው ገቡ። ሲያዩዋት ፊታቸው ዳመነ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ሸጋ ነው…» አሉና ቆሙ። የሚከተል ነገር አልመጣላቸውም። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ አንገታቸው ሄደ፤ የማተቡን ቋጠሮ ለመፍታት ጀመሩ።

ሐመልማል በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«አያ» አለች፤ «ዘጠነኛዋስ? መጨረሻዋ አልረዘመም?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ሚስታቸውንም አዩ። ከዚያ እጃቸውን ከቋጠሮው ላይ አነሡ።

«ረዝሟል እንጂ!» አሉ። «እሱን ለማስረዳት እኮ ይህ ክረምትም አይበቃኝ!»