ሞስኮ አሥራ አራት ጣት ነው

ባሏ ባቡር ላይ የሠራ ሴት ስለ መንገድ ባሏን እንዳታምን! እናንተዬ፣ አምኜ የሆንኩትን ልንገራችሁ... (ሳቅሽን ተይና ጻፊ፣ አንቺ ልጅ!)

ያኔ በደርግ ጊዜ ልጄ ግርማ ለትምህርት ሞስኮ ሄዶ ስድስት ዓመት ቆየ። ሲሄድ ታምሜ ተኝቼ ስለነበር ቦሌ ድረስ አልሸኘሁትም። ይሄ ነገር አንጀቴን ሲበላኝ ኖረ። «ሲመጣ ግን ከበሩ ብቅ እንዳለ አንገቱ ላይ የምጠመጠመው እኔ ነኝ!» ብዬ ምያለሁ።

አንድ ቀን ቴሌግራም መጣ። «ሐሙስ ማታ ከሞስኮ እነሳለሁ፣ ቦሌ ጠብቁኝ» ይላል። በቃ! መቼ እንደሚደርስ ማን ይንገረን?

የግርማ አባት «ይሄን ለኔ ተዪው» ብሎ እየጎተተ ቀበሌ ወሰደኝ። መሠረተ ትምህርት የምንማርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ካርታ አለ። ጣቱን ለጠፈበት።

«ይኸውልሽ፣ ከዚህ ከኛ አቃቂ ድሬዳዋ አንድ ጣት ነው። በባቡር ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አንድ ቀን።»

ጣቱን እየደራረበ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ... ወንበር ላይ ቆመላችሁ! «ሞስኮ አሥራ አራት ጣት። አሥራ አራት ቀን!»

«ኧረ አውሮፕላን ይፈጥናል ይላሉ!»

«እሺ፣ ግማሹን ቀነስኩልሽ። ሰባት ቀን! ነጂው መብላት፣ መተኛት የለበትም እንዴ? በሳምንቱ ሐሙስ ቦሌ ነን።»

ሰባት ቀን ካለኝማ ብዬ፣ አርብ በጠዋት ጠላ ጠነሰስኩ፣ አልጋውን ከነፍራሹ ደጅ አወጣሁ፣ ጭቃ በጭድ አቦክቼ ግድግዳ ልመርግ በርጩማ ላይ ወጣሁ። እስከ ክርኔ ጭቃ ሆኛለሁ። ከኋላዬ...

«እማዬ፣ ቦሌ ጠብቁኝ አላልኩም?»

ዘወር ስል ካፖርት የለበሰ ደልዳላ ሰውዬ! ልጄ! እንዴት ከበርጩማው እንደወረድኩ እንጃ፤ አሥሩም ጣቴ ካፖርቱ ላይ ታተመ። አባትየው ከጓሮ መጣና ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«አንተ! ምን ልትሠራ መጣህ? ገና ስድስት ቀን ይቀርሃል እኮ!»

«አባባ፣ ማታ ተነስቼ ጠዋት ቦሌ ነበርኩ። ከሞስኮ ይልቅ ከቦሌ አቃቂ ነው የራቀኝ! ሰው ሁሉ ዘመዱን እያቀፈ ሲሄድ ቆሜ ቆሜ... ማንም ሲጠፋ በአውቶቡስ መጣሁ።»

ቆሜ ቆሜ ሲለኝ ሳቄ ደረቀ። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት አመለጠኝ እኮ!

ደግነቱ አንዱ ሻንጣው ሳይመጣለት ቀርቶ «እሁድ ና» ብለውት ነበር። ሦስታችንም ሄድን።

«ግርማ፣ ስትወጣ ዛሬ የመጣህ ሁንልኝ!»

«እማዬ ሙች፣ ሰው ያየናል!»

«ይየና!»

ሻንጣውን ይዞ ከበሩ ብቅ ሲል እልልታዬን አቀለጥኩት! አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ አገላብጬ ሳምኩት፣ ተንሰቀሰቅኩ። የማያውቁን ሰዎች እንኳ አብረውኝ አለቀሱ! አንዲት ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች፣ «እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት! ከየት አገር ነው የመጣው?» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት የግርማ አባት ቀደመኝ።

«ከአቃቂ!»

ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ስለ መንገድ ልክ የተናገረው ያን ቀን ብቻ ነው!