ጄኔቫ እስኪወስን

[ነቀምቴ፣ ጨለለቂ፣ የኦቦ ፈየራ ግቢ። ኦቦ ፈየራ የተሰነጠቀ ባዶ የንብ ቀፎ ታቅፈዋል። ጎረቤታቸው የሕግ መምህሩ ይስማው ደግሞ ክንፏ የተሰበረ ድሮን ይዟል።]

ይስማው፦ እኔ አልሰበርኩትም አልኩዎት እኮ!

ፈየራ፦ ታዲያ ድሮኗ የማን ናት?

ይስማው፦ የኔ ናት። ግን የምትበረው በራሷ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት አላት፤ የት እንደምትሄድ ራሷ ትወስናለች።

ፈየራ፦ ያ ዋቃ! ከዚህ ሁሉ ሰማይ የኔን ቀፎ መረጠች?

ይስማው፦ ይኼ የዓለም አቀፍ ሕግ ጥያቄ ነው፣ ኦቦ ፈየራ። በራሱ የሚወስን መሣሪያ ጥፋት ሲያደርስ ማን ይጠየቅ? መንግሥታት ጄኔቫ ላይ ከአስር ዓመት በላይ መክረው መክረው አልተስማሙም።

ፈየራ፦ ስለኔ ቀፎ?

ይስማው፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] ስለ ጦር መሣሪያ! መርሁ ግን ያው ነው።

ፈየራ፦ በሦስት ሳምንት ልጄን ሌንሳን እድራለሁ። የሠርጓን ብርዝ የምበርዘው በዚህ ቀፎ ማር ነበር። ለሙሽራው ወገን ጄኔቫን በጥብጬ ላጠጣቸው? ንቦቼም ወዴት እንደተሰደዱ አላውቅም።

ይስማው፦ ስደት ሌላ የጄኔቫ ስምምነት አለው። ስደተኛን ወደ ሸሸበት አደጋ በግድ መመለስ ክልክል ነው።

ፈየራ፦ እኔ አልተማርኩም፣ ቀስ ብለው ያስረዱኝ። ማንም ካልላከው፣ በራሱ ከበረረ፣ ባለቤቱ አይጠየቅም?

ይስማው፦ ጎበዝ! ተማሪዎቼ እንኳ በአንድ ሴሚስተር እንዲህ አይገባቸውም።

ፈየራ፦ ቶሌ፣ እሺ ይሁን። ከተማረ ሰው ጋር ማን ይከራከራል።

[የይስማው ስልክ ይጮኻል፤ ሚስቱ ሸዋረገድ ናት።]

ይስማው፦ አቤት ሸዋዬ... ንብ? መኝታ ቤት ውስጥ?... አንቺስ የት ነሽ?... ሽንት ቤት ቆልፈሽ! [ወደ ፈየራ] ኦቦ ፈየራ፣ ንቦችዎ ቤቴን ወረሩት!

ፈየራ፦ እኔ አልላክኋቸውም።

ይስማው፦ የእርስዎ ናቸው እኮ!

ፈየራ፦ የኔ ናቸው። ግን የሚበሩት በራሳቸው ነው።

ይስማው፦ ማሎ፣ እባክዎ፣ ጭስ ይዘው ይምጡና ይመልሷቸው!

ፈየራ፦ ስደተኛ በግድ? ቀፏቸው ተሰብሮ? ጄኔቫስ ምን ይለኛል?

ይስማው፦ [ስልኩ ውስጥ ጩኸት እየተሰማ] ባለቤቱ ይጠየቃል! በቃ፣ ባለቤቱ! ቀፎውን አሠራለሁ፣ የሌንሳን ማርም አርጆ ድረስ ሄጄ አመጣለሁ!

ፈየራ፦ [ማጨሻውን እያነሱ] ዓለም አስር ዓመት ያቃተውን እርስዎ በአምስት ደቂቃ ወሰኑት። ለካስ ጄኔቫ የጎደለው ንብ ነው!