ጎማዎቹ ሾፌር ሲመርጡ

ትናንት በሕልሜ ሦስት ጎማዎች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ደግሞ ወለሉ ላይ በጎኔ ተጋድሜያለሁ። ከጎማዎቹ አንዱ በእርሳስ ነካ ነካ አደረገኝና «ይሄኛው ሾፌር ጥርሱ አልቋል» አለ።

«ጥርሴ ሙሉ ነው» አልኩት።

«የእግርህን ነው የምልህ። መርገጫህ ልሙጥ ሆኗል። ጭቃ አይዝም።»

እግሬን አንስቼ ውስጡን አየሁት። እውነቱን ነው፤ እንደ ሰሐን ልሙጥ ነበር።

ጎማዎቹን አውቃቸዋለሁ። ለናሙና ወደ ጤና ጣቢያችን ከመጡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። እኔ አበጀ እባላለሁ፤ የጤና ጣቢያው ሾፌር ነኝ። የምነዳት መኪና ባለ ስምንት ጎማ ናት፤ ጭቃም ላይ ውሃም ላይ ትሄዳለች። ዳክዬ እንላታለን። ክረምት ገብቶ ሐይቁ ሜዳውን ሲያለብሰው ማዶ ያለውን ቀበሌ ከእኛ የምታገናኘው እሷ ብቻ ናት። አሁን ግን ጎማዋ አልቆ በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። ባለቤቴ ትርንጎ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ እናቷ ቤት ገብታለች። የእናቷ ቤት ማዶ ነው። ይሄ ሁሉ በሕልሜም ሳይለወጥ እንዳለ ነበር። የተገለበጠው ሌላው ነው።

«እባካችሁ ቶሎ በሉ» አልኳቸው። «ሚስቴ ቀኗ ደርሷል።»

«ሁለተኛውና ሦስተኛው ተወዳዳሪ የታሉ?» አለ መሐል የተቀመጠው። እሱ ሰፊውና ለስላሳው ጎማ ነው፤ ሆዱ ከወንበሩ ተርፎ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል።

«እኔ ብቻ ነኝ።»

«እንግዲያው አንተን ከማን ጋር እናወዳድርህ? ሾፌር የሚወሰደው ከሦስት ተመርጦ ነው። ሦስት ካልሞላ ሰብሳቢያችን ጭቃው አይፈርምም።»

መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይሄን ማወቅ አያቅተኝም። ወጣሁና ኮፍያ ደፍቼ ተመለስኩ። «ሁለተኛው ነኝ» አልኩ። ደግሞ ወጣሁና ጋቢ ደርቤ ገባሁ። «ሦስተኛው።»

ጎማዎቹ ተያዩ። ባለ ጥርሱ ጎማ፣ ያ በእርሳስ የነካካኝ፣ አይኑን አጠበበ።

«ትመሳሰላላችሁ። ዘመዳሞች ናችሁ እንዴ?»

«አንድ ቤት ነው ያደግነው» አልኩ።

«ዘመድ ከዘመድ ጋር አይወዳደርም።»

«አንዋደድም።»

«እሱማ ከሆነ ይሁን» አለና ሦስታችንንም መዘገበ።

ሰዓቴን አየሁ። ሰዓቴም ቀና ብላ አየችኝና «ረፍዷል» አለችኝ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ብጠይቃት ፊቷን አዞረች።

ወዲያው መንገድ ላይ ነበርን። ጎማዎቹ ጎን ለጎን ሆነው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላቸው እየተንከባለልኩ እከተላለሁ። ከመንገዱ ዳርና ዳር ዓሦች ዣንጥላ ዘርግተው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰው ያጠምዱ ነበር። መንጠቆው ላይ የሰኩት የስብሰባ ጥሪ ደብዳቤ ነው። አንድ የማውቀው የግብርና ሠራተኛ ደብዳቤውን ሲያይ ዘሎ ጎረሰው።

«ትንሽ ነው፣ ልቀቀው» አለ አንደኛው ዓሣ።

«ያሳዝናል» አለ ሌላው።

«ኃላፊ ሲሆን ራሱ ተመልሶ ይመጣል።»

መስቀለኛው ላይ አንድ ጉማሬ ነጭ ጓንት አጥልቆ ትራፊክ ያስተናግድ ነበር። ፊሽካውን ነፋ። «የሚሄድ ሁሉ ይቁም! የተቀረቀረ ብቻ ይለፍ!» እኔ ተንከባላይ ስለነበርኩ ሊያስቆመኝ እጁን ዘረጋ። ቶሎ ብዬ አንድ እግሬን መሬት ውስጥ ቀበርኩና የተቀረቀርኩ መሰልኩ።

«አይዞህ፣ እለፍ» አለኝ በትሕትና።

መፈተኛው ሜዳ ደረስን። ጭቃው ጠረጴዛ ተዘርግቶለት ከፊት ተቀምጧል፤ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ክራቫት አስሯል። ሰብሳቢው እሱ ነው። ኮስተር ብሎ ዙሪያውን ቃኘ።

«ስብሰባው አይጀመርም። ምልአተ ጉባኤ አልሞላም።»

«ጌታዬ፣ ሚስቴ…»

«ግማሼ ጫማህ ላይ ነው።»

ጫማዬን አውልቄ አራገፍኩ። ግማሹ ጭቃ እየተንፏቀቀ ሄዶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ወፈር አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን ሞላ። ፈተናው ይጀመር።»

መጀመሪያ ኮፍያ ያደረገው እኔ ገባሁ። እግሬን ጭቃው ውስጥ እየሰካሁ አሥር እርምጃ ያህል ሄድኩ። በአሥራ አንደኛው ላይ ዋልካው እግሬ ላይ ተጠቅልሎ ድስት አከለ። ባለ ጥርሱ ጎማ በደስታ ጻፈ፤ ሰፊው ግን «ይነክሳል እንጂ የነከሰውን አይተፋም» ብሎ አጣጣለኝ።

ቀጥሎ ጋቢ የለበሰው እኔ ገባሁ። ጋቢው ጭቃው ላይ ተዘረጋና አላሰምጥ አለኝ። ተንሳፈፍኩ። ሰፊው ጎማ አጨበጨበ። «አያችሁ? ስፋት ነው ዋናው!»

«መንሳፈፉንስ ይንሳፈፋል» አለ ባለ ጥርሱ፣ «ግን ወዴት ነው የሚሄደው?»

እውነትም ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር። ማዶው፣ የእነ ትርንጎ ቤት ያለበት ዳር፣ እየራቀኝ ነበር። እጄን አወናጨፍኩ። ምንም አልረዳኝም።

በመጨረሻ ኮፍያም ጋቢም ያላደረገው እኔ ገባሁ። በሆዴ ተኝቼ በእጄ ቀዘፍኩ። ሦስተኛው ጎማ፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተናገረው፣ ጎኑ ሁሉ መቅዘፊያ የሆነው፣ ብድግ አለ። «ይሄ ነው ሾፌር! ውሃ ብትሰጡት የት በደረሰ!»

«ውሃ የለማ» አሉት ሁለቱ ባንድ ድምፅ።

ሦስቱም ተጣሉ። ባለ ጥርሱ ባለ ኮፍያውን እኔን ይደግፋል፤ ሰፊው ባለ ጋቢውን፤ ባለ መቅዘፊያው ራቁቱን። አንዱ አንዱን አየር አልባ ብሎ ሰደበው። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። የእነ ትርንጎ ቁጥር ነው። እጄ ጭቃ ስለነበረ በክርኔ አነሳሁት።

«ሃሎ፣ አበጀ ነህ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ልጅህ ነኝ።»

«ተወለድክ እንዴ?»

«ኧረ የለም። ገና ውስጥ ነኝ። በሩ ላይ አባቱ ያልተመረጠ አይወጣም አሉኝ። ተመረጥክ?»

«ሦስት ሆነን እየተወዳደርን ነው።»

«ከሦስቱ አንዱ ይምጣ በቃ! ምን ታማርጣላችሁ? እማዬ ግድግዳ ይዛ ቆማለች።»

«ትንሽ ታገስ፣ ልጄ።»

«እኔ ብታገስ እሷ አትታገስም» አለና ዘጋው።

ወደ ጭቃው ሮጥኩ። «ጌታዬ፣ ይወሰን! የፈለጋችሁትን ውሰዱ!»

ጭቃው መነጽሩን አወለቀ። «ተመካክረናል። ኮሚቴው የሚፈልገው እንደ ባለ ኮፍያው የሚነክስ፣ እንደ ባለ ጋቢው የማይሰምጥ፣ እንደ ራቁቱም የሚቀዝፍ አንድ ሾፌር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብለን ግን አናምንም።»

«አለ! እኔ ነኝ! ሦስቱም እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ኮፍያውን አደረግኩ፣ ጋቢውን ደረብኩ፣ እጄንም ለመቅዘፍ ዘረጋሁ።

ባለ ጥርሱ ጎማ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ሦስቱም አንድ ሰው ናችሁ?»

«አዎ!»

«እንግዲህ አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ነበር ማለት ነው» አለ ጭቃው። «ውድድሩ ተሰርዟል።» ማኅተሙን ምላሱ ላይ አረጠበና ግንባሬ ላይ መታኝ።

ከዚያ ክራቫቱን ፈታ፣ ተነሣ፣ ሄደ። ከሜዳው ላይ ያለው ጭቃ በሙሉ ወረቀቱን በብብቱ እየያዘ ተከተለው። የምሳ ሰዓት ነበር። ወዲያው ሜዳው ደረቀ። እስከ ማዶ ድረስ ደረቅ፣ ነጭ፣ ለጥ ያለ መንገድ ሆነ። ዳክዬ ላይ ዘልዬ ወጣሁና ቁልፉን አዞርኩ።

«ወዴት ነው?» አለች ዳክዬ።

«ማዶ! መንገዱ ደርቋል፣ ሂጂ!»

«ጭቃ የታል?»

«የለም! ሄደ!»

«እኔ የጭቃ ነኝ» አለች። «ደረቅ መሬት ላይ የመሄድ ፈቃድ የለኝም። ጭቃው ከምሳ ሲመለስ እንሄዳለን።»

ወረድኩና ከኋላ ገፋኋት። አልንቀሳቀስ አለች። ብቻዬን ልሮጥ ብል እግሬ ልሙጥ ስለሆነ ባለሁበት ይሽከረከራል። ማዶ ላይ የአማቴ ቤት በር ተከፈተ። አንድ ሰው ወጥቶ እጁን ያወዛውዛል፤ ና ይበለኝ አትምጣ ይበለኝ ከዚህ አይለይም። ባለ በሌለ ድምፄ «ትርንጎ!» ብዬ ተጣራሁ።

«አንቱ ሰው! አንቱ ሰው!»

አንድ ሰው የዳክዬን ጎን በጡጫ ይደበድባል። አይኔን ገለጥኩ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ በድንጋይ በተደገፈችው መኪና ውስጥ፣ መሪው ላይ ተደፍቼ ነበር። የግዢ ኮሚቴው ከጠዋት ጀምሮ በሦስቱ ጎማዎች ጉዳይ ስብሰባ ተቀምጦ ነበርና ውሳኔውን ስጠብቅ እንቅልፍ ጣለኝ።

የሚደበድቡት አማቴ ወይዘሮ አንጓች ናቸው። እስከ ደረታቸው ጭቃ ሆነዋል። ከኋላቸው የመንደሩ የቃሬዛ ማኅበር ሰዎች ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ከአይናቸው በቀር ጭቃ ያልነካው ቦታ የለም። ቃሬዛው ላይ ትርንጎ ተኝታለች። ደረቷ ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ያለቅሳል።

«ውሃው መሐል ባለችው ጉብታ ላይ ተገላገለች» አሉ አማቴ። «ሴት ናት። ደም ስለፈሰሳት ቶሎ ሲስተሯን ይጥሩልን እንጂ ምን ያፈጡብኛል!»

ትርንጎ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። ከንፈሯ ነጭ ነበር።

«ቀስቅሰንህ ከሆነ ይቅርታ» አለችኝ።

ሲስተሯን እየጠራሁ ስሮጥ የስብሰባው ክፍል በር ተከፈተና ኮሚቴው ወጣ። ሰብሳቢው አቶ ይስማው ቃሬዛውን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አነሱ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ ከልባቸው። ቀጥለው ወደ ጸሐፊዋ ዞር አሉ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ነገር ጨምሪበት። ግዢውን አጣዳፊ ያደረገው ጉዳይ በቃሬዛ ስለተፈታ የጎማው ምርጫ ለሚመጣው ክረምት ይተላለፍ።»