ባሻ ያጎረሱት እንግዳ

ሰው ሲታመም ጠያቂ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይማርህ» ብሎ ይወጣል። ኩባንያ ሲታመም ግን ጠያቂው ሁሉ ሽማግሌ ሆኖ ሊድረው ይነሳል። ካይሮ ደግሞ፣ እናንተዬ፣ የሽማግሌው ብዛት! ታክሲ ነጂው «ቱርኮች ይገዙታል» ይላል፤ ዳቦ ሻጩ «የለም፣ ቻይናዎች ናቸው» ብሎ ይምላል፤ ሜትሮ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ያላየችውን ውል እስከ ፊርማው ትተርካለች። እኔም ከነሱ አላንስም። እንዲያውም እበልጣለሁ፤ የማበስለው ይገዛል በሚባለው ሰውዬ ቤት ነዋ!

የታመመው ኩባንያ ቴሌቪዥን ይገጣጥማል። ልጄ ሰናይት ዘጠኝ ዓመት ሠርታበታለች፤ የሞተ ቴሌቪዥን ከፍታ ትንፋሽ ትዘራበታለች። የመኖሪያ ፈቃዳችን የተንጠለጠለው በሷ ሥራ ላይ ነው። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሥራው ከሄደ እኛም ሻንጣ ማሰር ነው። እኔ ደግሞ ዛማሌክ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ የተቀናቃኙ ኩባንያ ባለቤት ቤት ወጥ ቤት ነኝ። ቤቱ ያለ ሁሉ «ባሻ» ነው የሚላቸው።

ያን ሰሞን ሰናይት እንቅልፍ አጣች። አባሲያ ሰፈር ሞባይል የሚጠግነው ያገራችን ሰው አቶ ታፈሰ፣ «አንድ ሰው እፈልጋለሁ፤ ፈቃድሽንም እኔ አስጨርሳለሁ፤ እስከ ሐሙስ ካልመጣሽ ግን ለሌላ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። ትሂድ? ዘጠኝ ዓመቷ አሳዘናት። ትቅር? ፈራች።

ማክሰኞ ለምሳ የሰናይት ኩባንያ ባለቤት ራሱ ባሻ ቤት ከች አለ። ሩዝ የተሞላ እርግብ አቀረብኩና በሩ ጀርባ ቀረሁ። (አትታዘቡኝ፣ እናንተም ትቀሩ ነበር።) ያየሁትን እንዳለ ልንገራችሁ፦ ባሻ አንዷን እርግብ አንስተው፣ በገዛ እጃቸው ሰውዬው ሳህን ላይ አኖሩለት። ይኸው ነው።

ቤት እስክደርስ ግን ሳህኑ መንገድ ላይ ጠፋ።

«አጎረሱት!» አልኳት ሰናይትን።

«ምን?»

«በእጃቸው! ሦስቴ! በሦስተኛው ሰውዬው አፉን ሲከፍት ጥርሱን ሁሉ ቆጠርኩት፤ አንዱ ወርቅ ነው።»

አንድ ወር ያልሳቀች ልጄ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትስቅልኝ ጊዜ አራተኛ ጉርሻ ልጨምር ምንም አልቀረኝም። ግን ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቤ አምኜ ነበር። በእጁ ያበላውን ሰው ማን ሜዳ ላይ ይጥላል? «ይገዙታል፣ ሠራተኛውንም ይይዛሉ፤ አትነቃነቂ» አልኳት። ሐሙስም አለፈ።

ባሻ እውነትም ገዙ። የገዙት ግን ስሙንና ሱቆቹን ብቻ ነው። እሁድ ጠዋት ሠራተኛውን የጫነው አውቶቡስ የተቆለፈ በር ላይ አራገፋቸው፤ በሩ ላይ «ተዘግቷል» የምትል አንዲት ወረቀት። ኸላስ፣ አለቀ። ሰናይት ከዚያው ወደ አባሲያ በረረች። አቶ ታፈሰ ጋ ሌላ ሰው ተቀምጦ ስልክ ይፈታታል።

እኔ በንዴት የባሻን ቤት የምታጸዳዋን ግብፃዊት ያዝኳት። «በእጃቸው አብልተውት አልነበረም እንዴ?»

እንደ ሕፃን አየችኝ። «እንግዳ ነዋ፣ እናቴ! ባሻ ለመጣ ሁሉ በእጃቸው አንስተው ያቀርባሉ። ሊያባርሩት ነው ተብሎ ሳይበላ ይሂድ? ማሌሽ፣ ግድ የለም።»

ማሌሽ ትላለች! እኔማ እስካሁን የባሻን እርግብ ሩዝ እሞላለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ቤታችን ውስጥ አሁን ሥራ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ያን እሁድ ማታ ሰናይት ጠመንጃ መፍቻዎቿን በፌስታል ይዛ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ራት ቀረበ፣ አልነካችም። ይሄኔ ነው የተናዘዝኩት። «ሳህን ላይ ነበር» አልኳት። «አንዴ ብቻ። የወርቅ ጥርስም የለውም።»

ፊቷን ወደ ጠመንጃ መፍቻዎቿ መለሰች።

በሕይወቴ የሚያስቅ ነገር ያጣሁት ያኔ ነው። የቀረኝን ብቸኛ ነገር አደረግኩ፤ ፉሉን በዳቦ ጠቅልዬ፣ አሳምሬ፣ ወደ አፏ ዘረጋሁ። እጄን አየችው። እኔም አላወረድኩትም።

«እማዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ሳህኔ ላይ አስቀምጪው።»

አስቀመጥኩት።