በድምፅ ብልጫ የቆመው ግድግዳ

የሰው ልጅ ታላቅነት ከሚታወቅባቸው ተግባራት አንዱ፣ አንድም ቀን መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ቤቱን በገዛ እጁ ሊሠራ መነሣቱ ነው። ታላቅ ወንድሜ እዚህ ደረጃ የደረሰው ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ሠላሳ ዓመት በኃላፊነት ወንበር ተቀምጦ ስንቱን ሥራ አቁሟል፤ ግድግዳ ማቆም እንዴት ያቅተዋል?

የተከራየነው ቤት ባለቤቶች ልጃቸውን ሊድሩበት ስለፈለጉ፣ ዝናቡ ሳይገባ እንድንለቅ ቁርጡን ነግረውናል። አምስት ነፍስ ነን፦ ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ሴት ልጃቸው፣ እናታችንና እኔ። የሚስቱ ታላቅ ወንድም የታወቀ አናጢ ነው፤ ቤቱም ሩቅ አይደለም።

«ጋሼን እንጥራው» አለች ሚስቱ።

«የገዛ ቤቴን ለመሥራት የሰው እጅ ልለምን?»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማህም?»

«ሥራው ራሱ ያስተምረኛል» አለና የቃለ ጉባኤ መዝገብ ገዛ። መዶሻ የገዛው በሳምንቱ ነው።

ቋሚዎቹ ተተክለው አግዳሚዎቹ እንደተመቱ፣ ልጅቷ ከአጎቷ ቱንቢ ተውሳ መጣች። ቱንቢ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ሲባጎ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከመንጠልጠል በቀር ሌላ አቋም ይዞ አያውቅም።

«አባዬ፣ በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ዘሟል።»

«ማን አለ?»

«ቱንቢው።»

«ቱንቢው የማን ነው?»

«የአጎቴ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ ታወቀ» አለ ወንድሜ።

ሆኖም ሰው ሳያማክር የሚወስን አምባገነን አይደለምና ጉዳዩን ለቤተሰቡ ጉባኤ አቀረበ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው የምንል እጅ እንድናወጣ ጠየቀ። መጀመሪያ እሱ ራሱ አወጣ። እናታችን ልጇ ሲያወጣ አይታ አወጣች። እኔም ወንድሜ ኪራዩን እየከፈለ የሚያኖረኝን ክፍል አሰብኩና ከሁሉም አስበልጬ ወደ ላይ ዘረጋሁ። ሦስት ለሁለት። ቱንቢው ከምስጋና ጋር ለባለቤቱ ተመለሰ።

ግድግዳው ቃለ ጉባኤው አልደረሰው ኖሮ መዝመሙን ቀጠለ። ወንድሜም ወዲያው «ጊዜያዊ ድጋፍ» የተሰኘ አሠራር ዘረጋ። ከውጭ አንድ እንጨት አስደገፈ። ግድግዳው ተገፍቶ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ከውስጥ ሁለት ጨመረ። ወራጆቹ ተሰቅለው ጣሪያው ሲጎብጥ ደግሞ ከሥር አራት አቆመ። ቆርቆሮው ተመቶ ሲያልቅ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የሚሄድ ሰው በጎኑ እየተሹለከለከ ነበር።

«ለመሆኑ ቤቱን የያዘው የትኛው ድጋፍ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሁሉም የበኩላቸውን አስተዋፅኦ እያበረከቱ ነው።»

የጉባኤው ጸሐፊ እኔ ነኝና ይህንንም በመዝገቡ አሰፈርኩ። ሚስቱ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ሲል መከራ ይምከረው» ብላ ዕቃ ወደ ማሸጉ ዞረች። የሚሰበረውን ሁሉ በልብስ ደጋግማ ስትጠቀልል አየሁና ያን ቀን እጄን በማውጣቴ አፈርኩ። ማፈሬን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

የመልቀቂያው ቀን ደረሰ። የአከራዮቻችን ቀለም ቀቢ መሰላሉን ይዞ በር ላይ ቆሟል። አልጋውን ተሸክመን ወደ አዲሱ ቤት ገባን፤ ከድጋፎቹ መካከል ግን አላልፍ አለ። ወንድሜ ሁኔታውን በጥሞና ገምግሞ መመሪያ ሰጠ።

«ያችን አንዷን ለጊዜው አንሷት።»

አነሣኋት። ቤቱ ወገቡን እንደሚያመው ሰው አቃሰተ። አልጋውን ጥለን እግሬ አውጪኝ አልን። ጣሪያውና ግድግዳው ተያይዘው፣ ማንንም ሳይነኩ፣ ቀስ ብለው ወደ መንገዱ ተጋደሙ። ወንድሜ የወለል አግድመት የሚለካበትን ባለ አረፋ ውሃ ልክ አንሥቶ ሮጠና የተኛው ግድግዳ ላይ አስቀመጠው።

«አያችሁ? አረፋው መሐል ላይ ነው! ልክ ነው!»

ሚስቱ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ወንድሟ ሳይጠራ መጣ፤ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። አምስታችንንም ቤቱ ወስዶ አሳደረን፤ ያንኑ እንጨት ነቃቅሎ በዘጠኝ ቀን ቤት አደረገው። በገባን በማግስቱ ዝናቡ ወረደ፤ አንዲት ጠብታ ውስጥ አልገባችም።

በምረቃው ቀን ወንድሜ ረዥም ንግግር አደረገ። ሰው ቆርጦ ከተነሣ የማይሠራው ነገር እንደሌለ፣ ይህም ቤት ለዚህ ሕያው ምስክር እንደሆነ አብራራ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው አናጢው ነበር። በንግግሩ ልባቸው የተነካ ሦስት ጎረቤቶች የየቤታቸውን ሥራ እንዲመራላቸው ለመኑት፤ እሱም ኃላፊነቱ ከባድ ቢሆንም ተቀበለ።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ወንድሟ ዘንድ ሮጠች።

«ኧረ ጋሼ፣ ሰው ላይ ቤት ሳይጥል አንድ ነገር በለው!»

አናጢው መጋዙን እየሳለ ፈገግ አለ።

«ተይው እህቴ፤ እሱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እኔ ሥራ ፈትቼ አላውቅም።»