ከፒያሳ ወዲያ አገር አለ?

እኛ የፒያሳ ልጆች ከፒያሳ ወዲያ አገር ያለ ይመስለናል እንዴ? ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ሰፈራችን ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም የተዛወርን ዕለት፣ ደረጃው ላይ ቆመው «ሰው ኖሮበት የማያውቅ ሜዳ ላይ ጣሉን!» አሉ።

ፎቁ ያረፈው አዴ ጫልቱ የሚባሉ የአካባቢው ገበሬ ያርሱት በነበረ የጤፍ ማሳ ላይ ነበር። እሳቸውም አሁን እዚያው ምድር ቤት ይኖራሉ።

«እኛ ነበርንበት» አሉ አዴ ጫልቱ ከበራቸው ሆነው ቀስ ብለው።

እትዬ አስካለ አፈሩ። በሳምንቱ የድሮ ሰፈራችንን ሊያሳዩዋቸው አዴ ጫልቱን ፒያሳ ይዘዋቸው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። የእትዬ አስካለ ቤት የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። አዴ ጫልቱ በቀዳዳው አጮልቀው አዩና «እናንተስ እዚህ ምን ትዘሩ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ወሬ!» አሉ እትዬ አስካለ።

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ እትዬ አስካለ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ አዴ ጫልቱም አቀፏቸው።