አሻጋሪው ኢታና

ያለ ሐኪም የሚታመም ሰው አለ። ያለ ጠበቃ ፍርድ ቤት የሚቆምም አለ። ያለ አማካሪ ስልክ የገዛ ሰው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ገና አልተወለደም። በየሰፈሩ አንድ አማካሪ አለ። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። ስልክህ መንቀራፈፍ ሲጀምር ከየት እንደሰማ ሳታውቅ ፊትህ ቆሞ ታገኘዋለህ።

የእኛ ሰፈር ክቡር አማካሪ ኢታና ይባላል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ መንገድ ዳር ቀለም ቤት አለው። ቀለም ሲሸጥ ግን ብዙ አላየሁትም። ደንበኛ ገብቶ "ነጭ ቀለም አለ?" ሲለው፣ የኢታና ዓይን የሚያርፈው ሰውየው የያዘው ስልክ ላይ ነው። "ይሄን ይዘህ ነው የምትዞረው?" ይለዋል፣ ቁስል እንዳየ ሰው ፊቱን አጨፍግጎ። ምስኪኑ ደንበኛ ቀለሙን ረስቶ፣ ስለ ስልኩ ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል።

ለኢታና የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፦ የአንድሮይድ ሰውና የአይፎን ሰው። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ጴንጤ የሚባለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ዝርዝር ነው። "ስልክ ስትቀይር ቀፎ አይደለም የምትቀይረው፤ ኑሮ ነው" ይላል፤ ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ፣ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል።

አብነት ሰፈር ልብስ የምትሰፋውን ጎረቤታችንን ዘይቱናን "አንቺ የጥበብ ሰው ነሽ፤ የአይፎን ካሜራ ቀለም አይዋሽም" ብሎ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን አሻገራት። ዘይቱና በማግስቱ ስልኩን ይዛ መጣች።

"ኢታና፣ የመመለሻዋ ቁልፍ የት አለች?"

"አይፎን ወደ ኋላ አይመለስም" አላት፣ በኩራት።

ወር ሳይሞላት ግን ራሱ መለሳት። "አንቺ ነፃነት የምትወጂ ሰው ነሽ፤ ለአንቺ አንድሮይድ ነው" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ዘይቱና ያኔ "ሽማግሌ ልኮ የለመነኝ ባሌ እንኳ እንዲህ አላመላለሰኝም" ያለችው እስከ ዛሬ ሰፈሩን ያስቃል።

እኔም ስቄያለሁ። ተራዬ እስኪደርስ።

አባቴ ሙለታ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ለኢታና ምክር ያልተንበረከከ ብቸኛው የሰፈራችን ሰውም እሱ ነው። ኢታና "ጋሼ ሙለታ፣ እስቲ ይሄን በጣት የሚነካውን ይሞክሩት" ሲለው፣ "እኔ መደወል ነው የምፈልገው፤ ማሻሸት አልፈልግም" ብሎ ባለ ቁልፏን ስልኩን ኪሱ ይከታል። ቢሆንም ቀለም ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የመንገድ ወሬ ሲያወራ ከሰዓት በኋላውን ያሳልፍ ነበር። ኢታናም ለወጉ መሃል መሃል ላይ እየገባ ያደምጠዋል።

አባቴ ታሞ ከአልጋ መውረድ ሲያቅተው፣ አጠገቡ እየተቀመጥኩ በስልኬ እቀዳው ጀመር። የበረሃውን፣ የጓደኞቹን፣ የእናቱን ነገር አወራልኝ። በ2008 መግቢያ ላይ አረፈ። ድምፁ ስልኬ ውስጥ ቀረ።

ስልኬ በዚያው ሰሞን "ቦታ የለም" እያለ ያስቸግረኝ ጀመር። አማካሪያችን ይህን ሲሰማ ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። "ሞቱማ፣ አንተ ጸሐፊ ነህ። ጸሐፊ በአንድሮይድ አይጽፍም።" እምቢ አልኩ። መንገድ ላይ ያዘኝ፣ ታክሲ ውስጥ ያዘኝ፣ ልደታ ማርያም ተሳልሜ ስወጣ በር ላይ ያዘኝ። በመጨረሻ ደከመኝና አይፎን ገዛሁ።

በቀለም ቆርቆሮዎች መካከል ተቀምጠን ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስተኛቸው። "አሁን ኑሮህ እየተሻገረ ነው፤ እንዳትነካው" አለኝ። የስልክ ቁጥሮቹ መጡ። ፎቶዎቹ መጡ። መልእክቶቹም መጡ።

"የአባቴ ድምፅስ?" አልኩት።

"ሞቱማ፣ እኔን ነው የምትጠይቀው? ሁሉም ተሻግሯል!"

ከዚያም "ያገለገለ ቀፎ ታጥቦ ነው ለሰው የሚሰጠው" ብሎ አሮጌውን ስልክ በገዛ ጣቱ ባዶ አደረገው። እኔ በአዲሱ ስልክ መብራት ስደሰት፣ እሱ አሮጌውን መርካቶ ወስዶ ሸጠልኝ።

እሁድ ዕለት አባቴ ናፈቀኝና ልሰማው ስልኬን ከፈትኩ። ፈለግኩ፤ የለም። አገላብጬ ፈለግኩ፤ የለም። ወደ ቀለም ቤቱ ሮጥኩ። ኢታና ስልኩን ተቀብሎኝ ነካካ፤ ግንባሩን አላበው። "ይኖራል... ይኖራል" አለ። ቆይቶ ድምፁ ሟሸሸ።

"ድምፅ አያሻግርም ለካ።"

"ለካ" የምትባል ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አልወድም። "አባቴን ሁለተኛ ቀበርክብኝ" ብዬው ወጣሁ። ሲጠራኝ ዞር አላልኩም።

ከዚያ በኋላ እሱን ሳይ መንገድ እሻገራለሁ። ዘይቱና ልታስታርቀን ሞከረች። "መርካቶ እየተመላለሰ ነው። ስልኩን ክፍለ ሀገር የሚኖር ሰው ገዝቶት ሄዷል አሉት። ባለሙያዎቹም ቢገኝ እንኳ አንዴ ከጠፋ አይመለስም ብለውታል። ሱቁንም እየዘጋ ነው የሚሄደው" አለችኝ። "ይዝጋው!" አልኳት። ለእሱ የሚሆን ሐዘኔታ አልነበረኝም። ሌሎች ሰዎችን ማማከሩን አለማቆሙን ስሰማ ደግሞ ደሜ ፈላ።

የአባቴ ሙት ዓመት ደረሰ። ጠዋት ልደታ ማርያም ቆይተን፣ ዘመድና ጎረቤት ቤታችን ተሰበሰበ። ኢታናም መጣ። ከሙት ዓመት ሰው አይባረርም። በር አጠገብ፣ ከሰው ኋላ ተቀመጠ። ሰው እንደ ወጉ ሟቹን እያነሳ ሲያወራ፣ የማይጠፋኝ የኢታና ድምፅ ከበሩ በኩል ተሰማ።

"ጋሼ ሙለታ አንድ ጊዜ ድሬዳዋ መንገድ ላይ ስካኒያው ሲበላሽበት..."

"አሰብ መንገድ ነው!" አልኩ ሳላስበው። "ስካኒያም አይደለም፤ ኤንትሬ ነው።"

"እሺ፣ ኤንትሬ። እና አንድ ሱማሌ ወተት ሰጠው..."

"አፋር ነው! ስሙ ሁመድ ነው። የሰጠውም ውሃ ነው! የማታውቀውን አታውራ!"

ኢታና አንገቱን ደፋ አድርጎ "እንዴት ነበር ታዲያ?" አለኝ።

ነገርኩት። መኪናዋ በረሃ ላይ ውሃዋን ጨርሳ ትቆማለች። አባቴም የሚጠጣው አልቆበታል። ሁመድ ከግመሎቹ ጋር ይደርስና በቆዳ የያዘውን ውሃ ይሰጠዋል። አባቴ ተቀብሎ ራዲያተሩ ውስጥ ሊያንቆረቁር ሲል፣ ሁመድ እጁን በጥፊ ይመታዋል። "ላንተ ነው የሰጠሁህ! መኪናው እናት የለውም። አንተ ግን አለችህ!" ሌላ መኪና እስኪመጣ አብረው ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። አባቴ ያኔ እናቱን ካየ ዘመናት አልፈውት ነበር። ከዚያ ጉዞ ሲመለስ አዲስ አበባ አላደረም፤ በቀጥታ ወደ እሷ ሄደ።

"ጊምቢ፣ አይደል?" አለ ኢታና።

"ነቀምት!"

ሳልቆም ሌላውን ቀጠልኩ፤ ሌላውንም። ኢታና በየመሃሉ ይሳሳታል፣ እኔ እየጮህኩ አርመዋለሁ። አባቴ እንዴት እንደሚጀምር፣ የት ላይ ዝም እንደሚል፣ ማንን እየሰደበ እንደሚስቅ ሁሉም አፌ ላይ መጣ። ብዙ ቆይቼ ነው የኢታና ስልክ ዳቦው አጠገብ ተቀምጦ እየቀዳኝ መሆኑን ያየሁት።

እንግዳው ሲበተን በር ላይ ያዝኩት። "በረንዳህ ላይ ስንት ጊዜ የሰማኸውን ወሬ እንዴት እንዲህ ታበላሸዋለህ? ሆን ብለህ ነው?"

"እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ?" አለኝ። ስለ አንድ ነገር አላውቅም ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቅጂውን ላከልኝ። ይቅር ብዬዋለሁ አልልም፤ ያን ድምፅ የሚመልስልኝ የለም። በዚህኛው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ከግማሽ በላይ ደግሞ የኢታና ስሕተት ነው። አባቴ ሲናፍቀኝ ግን የምከፍተው ይህን ቅጂ ነው። ኢታና አፉን በከፈተ ቁጥር እየተናደድኩ እስቃለሁ። አዲስ ቀፎ ስገዛ ከሁሉ በፊት የማሻግረው ይህን ነው። ኢታና አጠገቤ ቁጭ ብሎ አንገቱን እያሰገገ ያየኛል፤ እንዲነካው ግን አልፈቅድለትም።